የ15 ዓመቷ ልጅ ቴአትር

ለልጅ የሚሠራ ቴአትር በኛ ዘንድ የታናሽ ወንድም ልብስ ነው። ትልቁ ለብሶ ሲጨርሰው አሳጥሮ፣ ጠቅሞ ማልበስ። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ድራማ መጻፍ የከበደው ተማሪ ሁሉ «እንግዲያው ለልጆች ልሞክር» ይለኝ ነበር። የሕፃናት ሐኪም ለመሆን ከሌላው ሐኪም ያነሰ ትምህርት ይበቃል የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ወደ ቴአትር ሲመጣ ግን እንዲህ የሚያስበው ብዙ ነው። ሁለተኛ ልማድም አለን። ለልጅ የቀረበ ነገር በምክር ካልተዘጋ ያላለቀ ይመስለናል። ጅቡም ጦጢትም መጥተው ሥራቸውን ከሠሩ በኋላ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ይመጣል። ልጁ ከሁሉ የያዘው ምናልባት የጅቡን አሳሳቅ ነው። እሱን የሚጠይቀው ግን የለም።

ጠቡ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከመቶ ዓመት በፊት ሞስኮ ላይ፣ ዳቦ በራሽን በሚታደልበት፣ ማገዶ በጠፋበት ዘመን ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ተፋጭተዋል። የዚያን ታሪክ መሐል የያዘችው አንዲት ሴት ናት፤ ናታልያ ሳትስ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጆቹ ናቸው።)

ሳትስ የተወለደችው በ1903 ነው። አባቷ ኢልያ ሳትስ የሞስኮ አርት ቴአትር የሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ በ1908 ስታኒስላቭስኪ ላዘጋጀው «ሰማያዊዋ ወፍ» ለተባለው የሜተርሊንክ ተውኔት ሙዚቃውን የደረሰው እሱ ነው። አባትየው በ1912 ሲሞት ልጅቱ ገና ሕፃን ነበረች። አብዮቱ መጣ። በ1918 የሞስኮ ከተማ ምክር ቤት የቴአትርና የሙዚቃ ክፍል ሲያቋቁም፣ የልጆቹን ዘርፍ አምጥተው የሰጡት ለዚህችው ልጅ ነበር። ዕድሜዋ 15 ዓመት። የኛን የ15 ዓመት ልጅ ሱቅ ስንልከው እንኳ መልሱን ቆጥረን ነው የምንቀበለው! መንግሥቱ አዲስ ነው፣ የሚሾመው ሰው አጥቷል ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ነገሩ በዚያ ብቻ አይመስለኝም። ልጆቹ የሚወዱትን ገና ያልረሳ ሰው እሷ ነበረች።

በዚያው ዓመት መገባደጃ፣ በአብዮቱ አንደኛ ዓመት፣ ማሞኖቭስኪ በተባለች ጠባብ መንገድ ላይ ባለ አንድ ቤት የልጆች ቴአትር ተከፈተ። አሻንጉሊት፣ የጥላ ጨዋታና ባሌ በአንድ ጣሪያ ሥር የያዘ ቤት ነው። እንግዲህ የተሰበሰቡትን ሰዎች ተመልከቱ። በእንጨት ላይ ቅርጽ በማውጣት ስሙ የገነነው ፋቮርስኪ አለ። ለዳንሱ ጎሌይዞቭስኪ አለ፤ በኋላ የሶቪየትን ባሌ ከቀየሩት አንዱ። ከሁሉ በላይ ግን ባልና ሚስቱ ኤፊሞቮች አሉ፤ እሱ ቀራጺ፣ እሷ ሠዓሊ። እነዚህ ሰዎች «የተረፈንን ለልጅ» ብለው የመጡ አልነበሩም።

ስለ ኤፊሞቮች ትንሽ ልቆይ። በሩስያ ገበያና ባዛር ፔትሩሽካ የሚባል የእጅ አሻንጉሊት ከጥንት ጀምሮ ነበር። አፍንጫው ረጅም፣ ድምፁ ሰላላ፣ ዱላው የማይጠፋ፤ ፖሊሱንም ሐኪሙንም እየደበደበ ሰውን የሚያስቅ ባለጌ። የተማረው ሰው ይንቀው ነበር። ኒና ሲሞኖቪች ኤፊሞቫ ግን ይህን የመንገድ ጨዋታ ወስዳ በሠዓሊ ዓይን አጠናችው። ዋናው ነገር የአሻንጉሊቱ ፊት ሳይሆን ውስጡ የገባው የሰው እጅ መሆኑን ተረዳች። ጣት ሲታጠፍ አንገት ይሰበራል፤ አንጓ ሲዞር ሐዘን ይሆናል። ከባሏ ጋር ሆነው የክሪሎቭን ተረቶች በአሻንጉሊት ተጫወቱ። ከሥር በዘንግ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊትም ሠሩ፤ ይኸው ዘንግ በኋላ በ1931 የተቋቋመው የኦብራዝትሶቭ ማዕከላዊ የአሻንጉሊት ቴአትር ዋና መሣሪያ ሆነ፤ ከዚያም ዓለምን ዞረ። እሷም የሥራዋን ነገር በ1925 በመጽሐፍ አሳተመች። የመንገድ ቀልደኛ የጥናት መጽሐፍ ሲወጣለት ምን እንዳለ ፔትሩሽካን የጠየቀው የለም።

ጠቡ የመጣው ቀጥሎ ነው። ከ1920 ጀምሮ የማሞኖቭስኪውን ቤት የመራችው ሄንሪየታ ፓስካር ለልጅ የሚያስፈልገው ተረትና ውበት ነው የምትል ነበረች። ሌሎቹ ደግሞ ተረት ከአዲሱ ሕይወት መሸሻ ነው፤ ልጁን ለነገ የማይቀርፅ ቴአትር ምን ይሠራል? አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፓስካር ተነሣች። ሳትስ በበኩሏ ወጥታ በ1921 የራሷን የሞስኮ የልጆች ቴአትር ከፈተች። በማግሥቱ ዓመት በፔትሮግራድ ብሪያንትሴቭ የሚባል ሰው የወጣት ተመልካቾች ቴአትር አቋቋመ። መድረኩን ከፍ አድርጎ መጋረጃ ከመጋረድ ይልቅ ልጆቹን በግማሽ ክብ፣ በደረጃ አስቀመጣቸው። አስተማሪዎች ጥግ ይዘው ተዋናዩን ትተው ተመልካቹን ያያሉ፤ የት እንደሳቀ፣ የት እንደተቁነጠነጠ፣ የት ወደ ጎረቤቱ እንደዞረ ይመዘግባሉ። አዋቂ ሲሰለቸው በጨዋነት ያጨበጭባል፤ ልጅ ሲሰለቸው ሽንት ቤት ይጠይቃል። ይህንን እንደ ሂስ የቆጠሩት የመጀመሪያ ሰዎች እነሱ ይመስሉኛል።

የሳትስ ቴአትር በ1927 ያቀረበው አንድ ሥራ እኛን አፍሪካውያንን ይመለከታል። ስለ አንድ ጥቁር ልጅና ስለ ጦጣው የሚተርክ ነው። ጦጣዋን ነጮች ወስደው ሰርከስ ያስገቧታል፤ ልጁ እሷን ፍለጋ አውሮፓ ይወርዳል። ነገሩ ከንግግር ይልቅ በእንቅስቃሴና በዳንስ የሚነገር ሲሆን፣ በመሐል በእጅ የተሳለ ተንቀሳቃሽ ፊልም በሸራ ላይ ይታይ ነበር፤ በ1927! በልጁ መልክ የተጫወተው ፊቱን የጠቆረ ሩስያዊ እንደነበር፣ አፍሪካውም የሞስኮ አፍሪካ እንደነበር መገመት አይከብድም። ዛሬ ቢታይ ብዙ የሚያስከፋ ነገር ይገኝበታል። ሆኖም በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው በአውሮፓ መድረክ ማሳቂያ ሆኖ ሲወጣ፣ ትንንሽ የሞስኮ ልጆች ለአንድ አፍሪካዊ ልጅ ወግነው ወንበራቸው ላይ እንዲቆሙ ማድረግ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዝናዋ ከአገር ወጣ። በ1931 ኦቶ ክሌምፐረር በርሊን ጠርቷት «ፋልስታፍ» የተባለውን የቬርዲ ኦፔራ አዘጋጀች፤ በዚያው ዓመት ቦነስ አይረስ ሄዳ የሞዛርትን «የፊጋሮ ጋብቻ» ሠራች። ሴት የኦፔራ አዘጋጅ ጨርሶ በማይታወቅበት ጊዜ ማለት ነው። በ1936 ቴአትሯ ማዕከላዊ የልጆች ቴአትር ተብሎ ከቦልሾይ አጠገብ ባለ ሕንፃ ገባ።

በዚያው ዓመት ነው «ፒተርና ተኩላው» የተወለደው። ፕሮኮፊዬቭ ከውጭ አገር ኑሮው ተጠቃሎ ሲመለስ ልጆቹን ይዞ ወደ ሳትስ ቴአትር ይመጣ ነበር። እሷም ልጆች የኦርኬስትራን መሣሪያዎች የሚለዩበት ነገር ጻፍልን አለችው። መጀመሪያ ሌላ ሰው የጻፈው በግጥም የተሞላ ጽሑፍ ቀረበለት፤ ፕሮኮፊዬቭ አልወደደውም፣ ራሱ ጻፈው። ወፏ ፍሉት ናት፣ ዳክዬዋ ኦቦ፣ ድመቱ ክላሪኔት፣ አያትየው ባሶን፤ ተኩላው ሦስት ሆርን፤ ፒተር ራሱ ክሩ ሁሉ በአንድነት። ሙዚቃው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ግንቦት 2 ቀን 1936 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ አዳራሹ አልሞላም፤ ወሬውም ቀዝቃዛ ነበር።

ታሪኩን የምታውቁት አስታውሱት። አያትየው ከግቢ እንዳትወጣ ብለው ይቆጣሉ። ልጁ ይወጣል። ተኩላ ይመጣል። በኛ ወግ ቢሆን ልጁ ይበላል፤ ወይም ለጥቂት ተርፎ «አያቴን መስማት ነበረብኝ» ብሎ ያለቅሳል። እዚህ ግን ፒተር በወፏ ረዳትነት የተኩላውን ጭራ በገመድ ያጠምድና አስሮ ወደ እንስሳት ማቆያው ይወስደዋል። አያትየው ከኋላ እየተከተሉ ባይዘው ኖሮስ ብለው ያጉረመርማሉ። የሚመልስላቸው የለም። ዳክዬዋ ደግሞ ተኩላው ሳያኝክ ስለዋጣት ሆዱ ውስጥ ሆና ስትጮህ ይሰማል፤ እናም ያልቃል። ዳኑ? ሞተች? አይባልም። ከዚያ ወዲያ ያለው የልጁ ሥራ ነው። እኔ ለመምህራን ጥሩ የተውኔት መጨረሻ ምሳሌ ስጥ ብባል ከሼክስፒር በፊት ይህችን ዳክዬ እጠራለሁ።

ከዓመት ከመንፈቅ ያነሰ ጊዜ አለፈ። በነሐሴ 1937 ሳትስ ታሰረች። ባለቤቷ እስራኤል ቬይትሰር የአገር ውስጥ ንግድ ኮሚሳር ነበር፤ እሱንም ያዙት፤ በ1938 ረሸኑት። የእሷ ወንጀል «የአገር ከጂ ቤተሰብ» መሆን ነው፤ አምስት ዓመት ተፈረደባት፣ ወደ ሳይቤሪያ ካምፕ ሄደች። በ15 ዓመቷ ቴአትር የሰጣት መንግሥት በ34 ዓመቷ የእስረኛ ቁጥር ሰጣት። ቴአትሩ ግን አልተዘጋም፤ ልጆቹ በማግሥቱም መጥተው ተቀምጠዋል። ከሁሉ የሚከብደኝ ይኸኛው ነው። በካምፕ ውስጥ ከእስረኞች ጋር ትርኢት ታዘጋጅ ነበር። በ1942 ስትለቀቅ ሞስኮ መመለስ ስላልተፈቀደላት አልማ አታ ገባች፤ በጦርነቱ ማብቂያ በ1945 በካዛክስታን የመጀመሪያውን የልጆች ቴአትር ከፈተች።

በነዚሁ ዓመታት የአሻንጉሊት ነገር የማይመስላቸው መንግሥታት ብዙም አልነበሩም። የዓለም የአሻንጉሊት ተጫዋቾች ማኅበር ዩኒማ በ1929 ፕራግ ላይ ተመሥርቶ ነበር። በኋላ ፕሬዚዳንቱ የሆነው ዮሴፍ ስኩፓ በ1944 ጌስታፖ አሰረው፤ ሽፔይብልና ሁርቪኔክ የተባሉት እንጨት አሻንጉሊቶቹ ሳይቀሩ ካዝና ውስጥ ተቆለፈባቸው። ከእንጨት ምን ተፈርቶ ነው? ስኩፓ የታሰረበት ድሬስደን በ1945 በቦምብ ሲጋይ አመለጠ። ቴሬዚን ካምፕ ውስጥ ከ1943 ጀምሮ «ብሩንዲባር» የተባለውን የልጆች ኦፔራ 55 ጊዜ የተጫወቱት ልጆች ግን አብዛኞቹ ወደ አውሽዊትዝ ተወስደው አልተመለሱም።

በ1965 ፓሪስ ላይ አሲቴጅ የተባለው የልጆችና የወጣቶች ቴአትር ዓለም አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ። የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው፤ ነገር ግን ፕሬዚዳንትነቱ ከእንግሊዛዊ ወደ ሶቪየት፣ ከሶቪየት ወደ አሜሪካዊ ሲተላለፍ ማንም አልተኮሰም። ሶቪየቱ ሻኽ አዚዞቭ የማዕከላዊው የልጆች ቴአትር ኃላፊ ነበር፤ የሳትስ ወንበር ወራሽ ማለት ነው። እሷስ? በዚያው በ1965፣ በ62 ዓመቷ፣ ሞስኮ ላይ ሌላ ቴአትር ከፈተች፤ ለልጆች ብቻ ኦፔራና ባሌ የሚያሳይ። በ1979 የተሠራለት ሕንፃ አናት ላይ አንዲት ሰማያዊ ወፍ ተቀምጣለች። ሳትስ በ1993 እስክትሞት እዚያው ሠርታለች። አልማቲ ያለው ቴአትርም ዛሬ በስሟ ይጠራል።

ከዚያ ወዲህ የተመልካቹ ዕድሜ ወርዶ ወርዶ እጅግ አነሰ። ቦሎኛ ውስጥ ላ ባራካ የተባለው ቡድን በ1987 ከከተማው ጋር ተስማምቶ ገና ሦስት ዓመት ላልሞላቸው፣ በሕፃናት ማቆያ ለሚውሉ ልጆች መሥራት ጀመረ። ሰው ሳቀ። ያልተናገረ ልጅ ምን ይገባዋል? ተባለ። እነሱ ግን ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ ሳያጠፉ፣ ቃሉን ቀንሰው፣ ልጁን ከመድረኩ ሁለት እርምጃ ላይ አስቀምጠው ተጫወቱ። ዛሬ በብዙ አገር እንዲህ ዓይነት ቡድን አለ። ለእነዚህ ተመልካቾች «ምን ተማራችሁ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርብም፤ መላሽ የለማ።

ወደኛ ስንመጣ፣ የኔ ዕድሜ ሰው ቴአትር ቤት ሳይገባ ያደገው በአባባ ተስፋዬ ፊት ነው። ተስፋዬ ሣህሉ ሴት ተዋናይ ባልነበረበት ጊዜ ሴት ሆነው የተጫወቱ፣ ኮሪያ ድረስ ሄደው ዘማቹን ያዝናኑ የመድረክ ሰው ነበሩ። ያን ሁሉ ሙያ ይዘው አሥርት ዓመታት ሙሉ በቴሌቪዥን ልጆች ፊት ተቀመጡ፤ በ2017 አረፉ። ይመክሩ ነበር፣ አዎ። ዛሬ የማስታውሰው ግን ምክራቸውን አይደለም፤ ድምፃቸው ሲለዋወጥ፣ ፊታቸው አንዴ አንበሳ አንዴ አሮጊት ሲሆን ነው።

በ2006 ደግሞ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የአሻንጉሊት ፕሮግራም በአማርኛ ጀመረች። ምክሩ ገና ከስሙ ይጀምራል፤ ልማድ እንዲህ በዋዛ አይለቅም። ፀሐይ ግን የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ትጠይቃለች፣ ትሳሳታለች፣ ታኮርፋለች። የተሠራችው ከካልሲ ነው። ኒና ሲሞኖቪች ኤፊሞቫ ብታገኛት ምንም ሳትናገር እጇን ወደ ውስጥ ትሰድ ነበር።