ማትሪክና አስጠኚው

የአገራችን የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት የትምህርት ቤቶች መመሥረቻ ዓመታት፣ የሚኒስትሮች ስምና የፖሊሲ ለውጦች ናቸው። ስለ ማትሪክ የሚጻፈውም ስንት ሰው ተፈተነ፣ ስንት አለፈ፣ ስንት ወደቀ በሚለው ቁጥር ያልቃል። አንድ ሰው ግን ሁልጊዜ ይረሳል፤ እሱም አስጠኚው ነው። ከተማሪው አጠገብ ተቀምጦ «እስቲ ይህን እንደገና ሥራው» የሚለው ታላቅ ወንድም፣ ጎረቤት ወይም የጓደኛ ጓደኛ ማለቴ ነው። ማትሪክ ለብቻ የሚፈተኑት ፈተና ነው፤ ለብቻው ተዘጋጅቶ ያለፈ ግን ብዙ አይገኝም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረውም ይህንኑ ነው፤ የፈተናው ታሪክ፣ አስጠኚ የነበረውና ያልነበረው ወጣት ታሪክ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዘመናዊው ትምህርት በፊት የነበረውን ካየን፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ማስጠናት የትምህርቱ አንድ ክፍል እንጂ ውለታ አልነበረም። የኔታ ብቻቸውን ያን ሁሉ ልጅ አያዳርሱም። ስለዚህ ዳዊት የደገመው ፊደል ቆጣሪውን ያስነብባል፤ በቅኔ ቤትም የገፋው ጀማሪውን ያግዛል። ያስተማረ ሰው የራሱን ትምህርት ያጸናል እንጂ ጊዜው አይባክንበትም። ችግር አልነበረበትም ለማለት አይደለም፤ ረኃቡም፣ አርጩሜውም፣ የሴት ልጅ ከደጅ መቅረትም ነበር። ነገር ግን «እኔ ካወቅሁ ለሚቀጥለው ማሳወቅ አለብኝ» የሚለው ልማድ ሥር የሰደደ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነገሩ መልኩን ለወጠ። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ዓ.ም. ደግሞ ጀኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። ተማሪዎቹ ጥቂቶች፣ መምህራኑ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች፣ ፈተናውም ከለንደን የሚመጣ ነበር። «ማትሪክ» የምንለው ቃል ራሱ ከእንግሊዞቹ «ማትሪኩሌሽን» ተቆርጦ የቀረ ነው። እነዚህ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስለ ነበሩ አንዱ የገባውን ለሌላው በመኝታ ቤት ያስረዳው ነበር። እንግዲህ ከየኔታ ደጅ የወጣው ልማድ አዳሪ ቤት ገባ ማለት ነው። አዳሪ ቤቱ የማይደርሰው ልጅ ግን ከዚያው ከደጅ ቀረ።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ አገሪቱም የራሷን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ማዘጋጀት ጀመረች። ደንቡ በየቤቱ የሚታወቅ ነበር፤ ኮሌጅ ለመግባት 5 «ሲ» ያስፈልጋል፣ ከነሱም ውስጥ እንግሊዝኛና ሒሳብ አይቀሩም። ልብ እንበል፤ ልጁ የሚፈተነው የታሪክና የባዮሎጂ እውቀቱን ብቻ አልነበረም፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ አንብቦ የመረዳት ችሎታውን ጭምር ነበር። በቤቱ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ያለው ልጅና የሌለው ልጅ አንድ ክፍል ቢቀመጡም አንድ ፈተና አልተፈተኑም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተደረጉ ሁለት ነገሮች አሉ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ማስተማር ጀመሩ። ሁለተኛው ግን ይበልጥ እኛን ይመለከታል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ እንዲያገለግል ተደነገገ፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በማስተማር ነው። በግዳጅ መሆኑ ማጉረምረም አላጣውም። ነገር ግን በአንድ ሩቅ ወረዳ ላለ የ16 ዓመት ልጅ ምን ማለት እንደ ሆነ እናስብ። ማትሪክን ያለፈ ሰው በዓይኑ አየ! የሱን ቋንቋ የሚናገር፣ ከሱ ብዙም የማይበልጥ፣ ትናንት እንደሱ በኩራዝ ያነበበ ሰው። ከዚህ በላይ ማስጠናት አለ እንዴ?

ከዚያ በኋላ የበሩ መጥበብ ራሱ የፖለቲካ ጥያቄ ሆነ። በ1964 ዓ.ም. የተካሄደው የትምህርት ዘርፍ ጥናት አብዛኛው ልጅ መሠረታዊ ትምህርት ብቻ ቀስሞ ወደ ሥራ እንዲሰማራ፣ ወደ ላይ የሚዘልቀው ግን ጥቂቱ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በ1966 ዓ.ም. ሲሰማ ወላጁም መምህሩም «የድኻውን ልጅ በር ሊዘጉበት ነው» ብሎ ተነሣ። የየካቲቱ የመምህራን ሥራ ማቆም ከዚህ ቁጣ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ጊዜ የ66ቱን አብዮት ከመሬትና ከነዳጅ ዋጋ ጋር እናያይዘዋለን፤ ትክክል ነው። ግን የልጁን ማትሪክ የሚጠብቅ አባትም በዚያ ውስጥ ነበረበት።

በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከመምህራን ጋር፣ በድምሩ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች፣ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ሊጠና የሚገባው ልጅ ራሱ አስጠኚ ሆነ። ከዘመቻው በኋላ የመጣው የደም ጊዜ ደግሞ ስንቱን አስጠኚ ከየቤቱ እንደ ወሰደ እያንዳንዱ ቤተሰብ ያውቀዋል፤ ታላቅ ወንድም የሌለበት ቤት የበዛው ያኔ ነው።

ቢሆንም ትውልዱ ማጥናቱን አልተወም። በመንገድ መብራት ሥር ያጠኑት፣ የወደቁትን ትምህርት «ፕራይቬት» ተመዝግበው ደጋግመው የተፈተኑት፣ የዱሮ ፈተናዎችን በእጅ ገልብጠው የተቀባበሉት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። ያች የተገለበጠች ደብተር ከሰፈር ሰፈር ስትዞር ዋጋ አልነበራትም፤ «ጨርሰህ ለእገሌ ስጠው» ነበር ነገሩ።

ዋጋ የመጣው በኋላ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አሮጌውን ማትሪክ ለሁለት ከፈለው። በ1993 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተጀመረ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛው የመግቢያ ፈተና። 11ኛና 12ኛ «መሰናዶ» ተባሉ። ስሙ ጥሩ ነበር፤ መሰናዳቱ ግን ከስሙ ጋር አብሮ አልመጣም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በየክፍሉ ፕላዝማ ተሰቀለ፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፣ መምህሩ ከጎን ቆሞ ያያል። ፕላዝማ ደግሞ እጅ ቢያወጡለት አያይም፣ «አልገባኝም» ቢሉት አይቆምም። ስለዚህ ያልገባው ልጅ የሚጠይቀው ሰው ፍለጋ ወጣ፤ ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ቤት ለቤት አስጠኚ ቀጠረ፣ ቱቶሪያል አስመዘገበ፣ የሌለው አንጋጦ ቀረ። ማስጠናት ልማድ መሆኑ ቀርቶ ሸቀጥ የሆነው እንግዲህ ቀስ በቀስ ነው። ብዙዎቻችን በትርፍ ሰዓት እያስጠናን የኪስ ገንዘብ እናገኛለንና እዚህ ላይ ማንንም አልወቅስም። ሸቀጥ ሲሆን ግን የማይገዛው ሰው እንዳለ መርሳት የለብንም።

እውነተኛው እርዳታ ሲጠፋ የሐሰቱ ቦታውን ይወስዳል። አጤሬራው፣ ኩረጃው፣ ከዚያም የፈተና ስርቆቱ የዚሁ ልጆች ናቸው። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. ሊሰጥ የነበረው የ12ኛ ክፍል ፈተና የእንግሊዝኛው ወረቀት አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ስለ ወጣ ተሰረዘ፤ ፈተናውም ሌላ ወረቀት ተዘጋጅቶለት ከአንድ ወር በላይ ዘግይቶ ተሰጠ። ይህን ሁሉ ሰው ያስታውሰዋል። የሚረሳው በዚያ ዓመት በኦሮሚያ በነበረው ተቃውሞ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው እንደ ነበር ነው። ይወጣል የተባለው ጥያቄ የተማሩት አልነበረም። ስርቆትን ደግ ለማድረግ አይደለም፤ ከወዴት እንደሚበቅል ለማወቅ እንጂ።

ቀጥሎ ደግሞ የባሰ መጣ። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ያልተፈተኑት የትግራይ ልጆች ግን እስከ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ቆዩ። ሦስት ዓመት ያህል ደብተሩን አቅፎ የሚጠብቅን ወጣት ማን አስጠናው? ከጦርነት መትረፍ ራሱ ፈተና ሆኖበት ሳለ!

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ተደረገ። ኩረጃው ሲቆም እውነቱ ወጣ፤ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዮቹ ዓመታት ውጤቱ 3.2፣ 5.4 እና በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበር። «ትውልዱ ሰነፈ» የሚሉ አሉ። እኔ ግን አንድም ልጅ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ሲባል የምሰማው ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ ልጅ አንድ እንኳ ጎበዝ ጠፍቶ አይደለም፤ ጎበዙን አይቶ «ና ተቀመጥ» የሚል ሰው ጠፍቶ ነው። ውጤቱ የልጆቹን ብቻ ሳይሆን የአስጠኚውንም መቅረት ይቆጥራል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለማስጠናት የሚጠቅም ምን እናገኛለን? ዘንድሮ እኅቴ 12ኛ ክፍል ናትና ጥያቄው ለኔ የወረቀት ላይ ጥያቄ አይደለም። ሦስት ነገር አግኝቼአለሁ።

አንደኛ፣ ቋንቋው ይቅደም። ከዊንጌት እስከ ዛሬ ድረስ ልጁን የሚጥለው ብዙ ጊዜ የጥያቄው እንግሊዝኛ ነው። እኅቴ የፊዚክሱን ሐሳብ በአማርኛ ስነግራት በደቂቃ ትጨርሰዋለች፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ስታየው ትደነግጣለች። ስለዚህ ጥያቄውን ከመሥራቷ በፊት ምን እንደሚጠይቅ በራሷ አፍ ትነግረኛለች፤ ከዚያ ነው ወደ መልሱ የምንሄደው።

ሁለተኛ፣ የዱሮ ፈተና መሸምደጃ አይሁን። መልሱን ብቻ የያዘ ልጅ ቁጥሩ ሲለወጥ ይጠፋዋል። የሳተችውን ጥያቄ ለምን እንደ ሳተች ታስረዳኝ፤ የመለሰችውንም ለምን ልክ እንደ ሆነ። የየኔታ ደጅ ዘዴ ይኸው ነው፤ የተማርከውን መልሰህ አስተምር።

ሦስተኛ፣ ጊዜ ስጧት። በየቤቱ ወንዱ «እያጠና ነው» ተብሎ ሲተው ሴቷ ወጥ ታማስላለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ከዚያ ሌሊት ደክሟት ደብተር ትገልጣለች። እናቴን ለምኜ ማታ ማታ ሳህኑን እኔ አጥባለሁ። ይህም ማስጠናት ነው። ብዙ ቀመር ከማስረዳት በላይ የጠቀማትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ጓደኞቼ፣ ክረምት ሲመጣ ሁላችንም ከዶርም ወጥተን ወደየአገራችን እንበተናለን። ያኔ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኙ ጊዜው አልፎበታል፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነውና ነገሩ። 11ኛን ጨርሶ ወደ 12ኛ የሚያልፈው ልጅ ግን አንድ ሙሉ ዓመት አለው። ዱሮ ተማሪውን ወደ ክፍለ ሀገር የሚልከው ደንብ ነበር፤ ዛሬ ማንም አያስገድደንም። በሰፈራችሁ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አታጡም። ከነሐሴ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በሳምንት አብራችሁት ተቀመጡ፤ ወደ ግቢ ስትመለሱም የያዛችሁትን የዱሮ ፈተና ጥላችሁለት ኑ፣ ሲጨርስ ለሚቀጥለው እንዲሰጥ ነግራችሁ።