ዜናሆሙ ለፋያርድ ወሃሮልድ

የነገሥታትን ዜና ይጽፍ የነበረ ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ጌታው የዘመተበትን አገርና የሰበረውን ጠላት፣ ያሠራውን ደብርና ያወጣውን ዐዋጅ ከዓመት ወደ ዓመት እየቈጠረ ብራናውን ይሞላ ነበር እንጂ፣ በግብር አዳራሹ ጥግ ቆሞ ሲያዜምና ሲጨፍር ያመሸውን ሰው ስም አይጽፍም ነበር። እኔ ግን ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ዘውድ ያልጫኑትን፣ ጦር ያልመሩትን፣ በእግራቸው ጥበብ ብቻ የከበሩትን የሁለቱን ጥቁር አሜሪካውያን ወንድማማቾች፣ የፋያርድ ኒኮላስንና የሃሮልድ ኒኮላስን ዜና ነው። ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው በእነርሱ አገር አቈጣጠር ስለ ሆነ፣ አንባቢ ከኛው ጋር እንዳይቀላቅለው አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ታላቁ ፋያርድ በ1914 ዓ.ም. ኦክቶበር 20 ቀን በአላባማ ግዛት በሞቢል ከተማ ተወለደ፤ ታናሹ ሃሮልድም በ1921 ዓ.ም. ማርች 17 ቀን በሰሜን ካሮላይና በዊንስተን ሴለም ተወለደ። አባታቸው ዩሊሲዝ ከበሮ መቺ፣ እናታቸው ቫዮላ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ፤ ሁለቱም በፊላደልፊያ ከተማ ስታንዳርድ በሚባለው የጥቁሮች ቴያትር ቤት የሙዚቃውን ጓድ ይመሩ ስለ ነበር፣ ፋያርድ ገና በሕፃንነቱ ከመድረኩ ፊት ለፊት በመጀመሪያው ረድፍ ተቀምጦ፣ እናትና አባቱ ሲጫወቱ፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩትም ጥቁር ዘፋኞችና ጨፋሪዎች አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ እያየ አደገ። መምህር አልቀጠሩለትም፣ የጭፈራ ትምህርት ቤት ደጃፍም አልረገጠም፤ ማታ ያየውን ጧት በቤቱ ወለል ላይ እየሞከረ ራሱን አስተማረ፤ ከዚያም ታናሽ እኅቱንና ታናሽ ወንድሙን አስተማረ። አባትየው ልጁ ሲለማመድ አይቶ፣ የሌላውን ሰው ጭፈራ እንዳይቀዳ፣ ሲጨፍርም ወደ እግሩ እንዳያይ መከረው ይባላል። እጃቸውንና ትከሻቸውን እንደ ወፍ ክንፍ ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ከተመልካቹ ሳይነቅሉ ሲጨፍሩ ያየ ሰው፣ ምክሩ በከንቱ እንዳልቀረ ይረዳል።

ታፕ የሚባለው ጭፈራ ምን እንደ ሆነ ላላየው ሰው ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ጨፋሪው ከጫማው ሥር፣ በጣቱና በተረከዙ በኩል፣ ቀጭን ብረት ያስመታል፤ ወለሉን ሲረግጥም ብረቱ እየጮኸ እግሩ ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ይሆናል። የኛ ሊቃውንት በመቋሚያቸው ምድርን እየመቱ ዜማውን እንደሚመዝኑ ሁሉ፣ እነዚያም በተረከዛቸው ይመዝናሉ። በግዕዝም ዘፈነ ማለት በእግር መጨፈር ነውና፣ ዳዊት በታቦቱ ፊት ዘፈነ የተባለው በዚሁ ትርጓሜ ነው፤ ቃሉ ወደ ጉሮሮ የወጣው በኋላ ዘመን ነው። የታፕ ሥሩ ከሁለት ወገን ነው፤ በአንድ በኩል ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ጭፈራ፣ በሌላ በኩል የአየርላንድና የእንግሊዝ ድኾች የእንጨት ጫማ ጭፈራ ነው። በደቡብ ካሮላይና ባሮች በ1739 ዓ.ም. ካመፁ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግ ከበሮንና መለከትን ከለከለባቸው፤ ከበሮውን የተነጠቀ ሕዝብም እግሩን ከበሮ አደረገው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። እኅታቸው ጭፈራውን ከተወች በኋላ ሁለቱ ብቻ ቀሩና በ1932 ዓ.ም. በኒውዮርክ፣ በሐርለም ሰፈር፣ ኮተን ክለብ ወደሚባለው ዝነኛ የሌሊት ቤት ገቡ፤ ሃሮልድ ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረ። የዚህን ቤት ሥርዓት ልብ ብሎ ለሚያየው ሰው ነገሩ እጅግ የሚያስገርም ነው፤ ሰፈሩ የጥቁሮች ሰፈር፣ የሚያዜመው፣ የሚጨፍረውና ምግቡን የሚያመላልሰው ጥቁር ሲሆን፣ ተቀምጦ የሚያየው ግን ነጭ ብቻ ነበረ። ከባለ ሙያዎቹ መካከል ወርዶ ከእንግዶቹ ጋር እንዲጨዋወት የሚፈቀድለት አልነበረም፤ ለእነዚህ ልጆች ብቻ ስለ ሕፃንነታቸው ተፈቀደላቸው። በዱክ ኤሊንግተንና በካብ ካሎዌይ ኦርኬስትራ ፊት ሲጨፍሩ ያያቸው ሳሙኤል ጎልድዊን የሚባለው የፊልም ባለጸጋ ወደ ሆሊዉድ ወሰዳቸውና በ1934 ዓ.ም. ኪድ ሚሊዮንስ በተባለው ፊልም ታዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በብሮድዌይ ከዘፋኟና ጨፋሪዋ ከጆሴፊን ቤከር ጋር በአንድ መድረክ ላይ ወጡ፤ በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ከሩሲያ የመጣው የባሌት ሊቅ ጆርጅ ባላንሺን ቤብስ ኢን አርምስ በተባለው ተውኔት አሠራቸው።

በ1940 ዓ.ም. ዳውን አርጀንታይን ዌይ የተባለው ባለ ቀለም ፊልም ሲወጣ፣ የሁለቱ ጭፈራ ካለቀ በኋላ ሕዝቡ ጭብጨባውን አላቋርጥ ስላለ፣ በአንዳንድ ሲኒማ ቤት ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ ያንኑ ጭፈራ ደግሞ ለማሳየት ተገደደ ይባላል። ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ የተባለው ድርጅትም ይህን አይቶ ውል ተዋዋላቸው፤ ኒክ ካስል የሚባለውን የጭፈራ አዘጋጅም ሰጣቸው። በሚቀጥለው ዓመት ከግሌን ሚለር ኦርኬስትራና ከውቢቱ ዶሮቲ ዳንድሪጅ ጋር ሰን ቫሊ ሰረናድን ሠሩ፤ ዶሮቲንም ሃሮልድ በ1942 ዓ.ም. አገባት፣ በ1951 ዓ.ም. ግን ተፋቱ። ከካስል ጋር ሆነው በ1942 ዓ.ም. ኦርኬስትራ ዋይቭስ በተባለው ፊልም ያሳዩት፣ ግድግዳን በሩጫ ወጥቶ ወደ ኋላ ተገልብጦ እግርን ዘርግቶ መሬት ላይ ማረፍ፣ ዛሬም የሚያየውን ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል።

ነገር ግን እነዚህን ፊልሞች ያየ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ሁለቱ ወንድማማቾች ከየት እንደ መጡ ሳይነገር ይመጣሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ይጨፍራሉ፤ ወዴት እንደ ሄዱ ሳይነገር ይሄዳሉ። ከዋነኞቹ ተዋንያን ጋር አብዝተው አይነጋገሩም፤ በታሪኩ ውስጥ አባት ወይም ልጅ፣ ጌታ ወይም ወዳጅ አይደሉም። ምክንያቱ የደራሲው ድካም አይደለም፤ በደቡቡ ግዛቶች ያሉ ሲኒማ ቤቶች ጥቁር ሰው በክብር የሚታይበትን ክፍል ቈርጠው መጣል ልማዳቸው ስለ ነበረ፣ ድርጅቶቹ ቈራጩ ሲመጣ ታሪኩ እንዳይጐዳ አስቀድመው ጭፈራውን ለብቻው ያቆሙት ስለ ነበር ነው። ብራና ሲደጐስ ደጓሹ ሆን ብሎ ሳይሰፋው እንደተወው ቅጠል መሆኑ ነው። እንግዲህ የእነዚህን ሰዎች ጥበብ የሚመዝን ሁሉ፣ በጠቅላላው የተሰጣቸው ጊዜ የጥቂት ደቂቃዎች ቊርጥራጭ እንደ ነበር ይዞ ይመዝን።

በዚህ መዋዕል ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ዓመት 1943 ነው። በዚህ ዓመት ፎክስ ተዋንያኑ ጥቁሮች የሆኑበትን ስቶርሚ ዌዘር የተባለውን ፊልም አወጣ፤ በእርሱም አዛውንቱ የታፕ አለቃ ቢል ሮቢንሰን፣ ዘፋኟ ሌና ሆርን፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ፋትስ ዋለርና ካብ ካሎዌይ ነበሩ። በፍጻሜው ገደማ ካሎዌይ እየዘፈነ ሳለ ሁለቱ ወንድማማቾች ከተመልካቹ ጠረጴዛ ተነሥተው ወደ መድረኩ ወጡ፤ በሙዚቀኞቹ መካከል ካለው መደብ ወደ መደብ እየዘለሉ አለፉ፤ በትልቁ ፒያኖ ላይ ወጡ፤ ከዚያም ወደ ታላቁ ነጭ ደረጃ ሄዱ። አንዱ ደረጃ ሲወርድ ሌላው በራሱ ላይ ዘሎት ከፊቱ ባለው ደረጃ ላይ እግሩን በፊትና በኋላ ዘርግቶ ያርፋል፤ ያረፈው ሳይነሣ የተዘለለው ተራውን ይዘላል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ እስከ መጨረሻው ደረጃ ወረዱ። እግር ተዘርግቶ መሬት ላይ መውደቅስ ለብዙ ሰው ይቻል ይሆናል፤ የእነርሱ ተአምር እጃቸው መሬት ሳይነካ፣ ፈገግታቸው ሳይጠፋ፣ ጉልበት ያወጡ ሳይመስሉ፣ ከበሮው ከሚመታበት ቅጽበት ሳይዘገዩ መነሣታቸው ነው። ካስል ይህን የደረጃ ነገር ተለማመዱት አላላቸውም፤ ዝም ብላችሁ አድርጉት ስላላቸው፣ ያለ ልምምድ በአንድ ጊዜ ቀረጻ እንደ ተፈጸመ ፋያርድ ሲናገር ኖሯል። በጭፈራው ዓለም አለቃ ይባል የነበረው ፍሬድ አስቴር ደግሞ በፊልም ከተቀረጸው ጭፈራ ሁሉ ይህ እንደሚበልጥ ለራሳቸው እንደ ነገራቸው ይተረካል። የአስቴርን ሥራ እጅግ እወዳለሁ፤ በዚህ ፍርዱ ግን ከእርሱ ጋር አልከራከርም።

በ1948 ዓ.ም. ነጩ ጨፋሪ ጂን ኬሊ ዘ ፓይሬት በተባለው ፊልም ከጎኑ አቁሞ አብሯቸው ጨፈረ፤ ሦስቱ እንደ ጓደኞች ሲዘሉና ሲሥቁ ታዩ። ይህም ከነጩ ጋር እኩል ቆሞ መጨፈር በአንዳንድ የደቡብ ከተሞች እንደ ትልቅ በደል ተቈጥሮ ክፍሉ ተቈረጠ። በዚያው ዓመት በለንደን ፓላዲየም በንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ፊት ጨፈሩ። ከዚህ በኋላ ሆሊዉድ ለሁለቱ በአንድነት የሚሰጠው ሥራ አላገኘም፤ የሙዚቃ ፊልሙም ዘመን እየጨለመ ሄደ፤ እነርሱም አውሮፓን እየዞሩ ሠሩ፣ ሃሮልድም ብዙ ዓመት በፓሪስ ተቀመጠ። ስለዚህ ዘመን ብዙ የምለው የለኝም፤ የጨፋሪ ጉልበት እንደ ማንኛውም ሰው ጉልበት ማርጀቱን የማያውቅ አንባቢ የለምና።

ክብሩ ዘግይቶ መጣ። ፋያርድ በ1989 ዓ.ም. ብላክ ኤንድ ብሉ ለተባለው የብሮድዌይ ትርኢት ጭፈራ ከሌሎች ጋር የቶኒን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1991 ዓ.ም. ሁለቱም በዋሽንግተን የኬኔዲ ማዕከልን ታላቅ ክብር አገኙ። ሃሮልድ በ2000 ዓ.ም. ጁላይ 3 ቀን በኒውዮርክ ዐረፈ፤ ፋያርድም በ2006 ዓ.ም. ጃንዋሪ 24 ቀን ተከተለው።

ከሁለቱም ሞት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአገሪቱ ሀብት ናቸው ብሎ በብሔራዊ የፊልም መዝገብ ከጻፋቸው ሥራዎች መካከል አንዱ፣ የኒኮላስ ቤተሰብ በቤቱ ካሜራ ለራሱ ያነሣው ፊልም ነው። በእርሱም የ1930ዎቹ ዓመታት የሐርለም ጎዳናና መንገደኛው፣ ቤተሰቡ በ1934 ዓ.ም. አገር አቋርጦ ያደረገው ጉዞ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የጥቁር ወታደሮች ክፍለ ጦር ይታያል፤ ጥቁር ሰው ተመልካች ሆኖ ይቀመጥ ባልነበረበት በኮተን ክለብ ውስጥ እንደ ተነሣ የሚታወቀው ብቸኛው ፊልምም በዚሁ ውስጥ ነው።