አነስተኛ የጽዳት አገልግሎት ድርጅት

አነስተኛ የጽዳት አገልግሎት ድርጅት ቤት፣ ቢሮ፣ ሆቴልና ሕንፃ በውል የሚያጸዳ ወይም ደረቅ ቆሻሻ ከየደጃፉ የሚሰበስብ ንግድ ነው። ለምሳሌ በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ ሆቴሎች፣ ባንኮች፣ የጤና ተቋማትና አዳዲስ ሕንፃዎች ገበያ ይሆኑታል።

ድርጅቱ ሥራ የሚጀምረው በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት በንግድ መዝገብ ተመዝግቦ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ሥራ ፈቃድ ካወጣ በኋላ ነው። የ2003 ዓ.ም. የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ በአገልግሎት ዘርፍ እስከ 5 ሠራተኛና እስከ 50,000 ብር ሀብት ያለውን ጥቃቅን፣ ከ6 እስከ 30 ሠራተኛና እስከ 500,000 ብር ያለውን አነስተኛ ብሎ መድቦ ነበር።

ዋጋ የሚተመነው የወለሉን ስፋት፣ ጽዳቱ በሳምንት የሚደጋገምበትን የቀን ብዛትና ሳሙናውን የሚያቀርበውን ወገን በማየት ነው። ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው። ተቋማት የሚከፍሉት አገልግሎቱን ካገኙ በኋላ በመሆኑ ድርጅቱ ክፍያው እስኪገባ ደመወዝ የሚሸፍን መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። ሠራተኞች ጓንትና ቦቲ ጫማ ሊቀርብላቸው ይገባል። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያመነጭ ክልክል ነው።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የግል ባለሀብቶችን ተሳትፎ ያበረታታ ነበር። በባሕር ዳርም ድሪም ላይት የተባለ የግል ድርጅት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በከተማው ቆሻሻ ሰብስቧል። ፕላስቲክ፣ ካርቶንና ብረታ ብረት ለይቶ መሸጥ ተጨማሪ ገቢ ያስገኛል፤ ወደ ጣናና ዓባይ የሚገባውንም ቆሻሻ ይቀንሳል።