አንዴ ብቻ የሚሠራ ሚዛን

እህቴ ከሜሪላንድ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ልምምዱ ስንት አመጣ?» የጂአርኢን 205 ዶላር በራሷ ካርድ የከፈለችው እሷ ስለሆነች መጠየቅ መብቷ ነው። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው «168» አልኳት፤ ሒሳቡን ማለቴ ነው፣ ከ170። «ጎበዝ! በቃ ደህና ደህናውን ዩኒቨርሲቲ ምረጣ» አለችኝ። ሦስት መረጥኩ። የሦስቱንም የማመልከቻ ክፍያ ከፈለች።

አንድ ያልነገርኳት ነገር ነበር። 168 ያመጣሁት ያንኑ የልምምድ ፈተና ለሁለተኛ ጊዜ ስወስደው ነው። መጀመሪያ የወሰድኩት ቀን ያገኘሁት 162 ነበር። በመሀል አምስት ሳምንት ስላጠናሁ፣ ስድስቱ ነጥብ የጥናቴ ፍሬ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዋናው ፈተና ላይ 163 መጣ።

አሁን በምሠራው ሥራ ይሄ ጀማሪ የሚሳሳተው ስህተት ነው። አንድን የኮምፒውተር ሞዴል ባሠለጠንክበት ዳታ መልሰህ ብትፈትነው ውጤቱ ያምራል፤ ግን ምንም አይነግርህም። ጥያቄዎቹን ቃል በቃል አላስታወስኳቸውም ነበር። ግን እጄ ያውቃቸው ነበር። የትኛው ጥያቄ ውስጥ ወጥመድ እንዳለ፣ የትኛው ላይ ጊዜ ማጥፋት እንደሌለብኝ ሳላስበው አውቃለሁ። በኋላ የፈተናውን ታሪክ ማንበብ ስጀምር፣ እኔ በአምስት ሳምንት የሠራሁትን ዓለም በሰማንያ ዓመት ሲሠራው አገኘሁት።

ጂአርኢ የተጀመረው በ1930ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የካርኔጊ ፋውንዴሽን ከሃርቫርድ፣ ከዬል፣ ከፕሪንስተንና ከኮሎምቢያ ጋር ባደረገው ሙከራ ነው። በ1947 መጨረሻ የተቋቋመው ኢቲኤስ ከዚያ ተረከበው። ለረጅም ጊዜ የፈተናው ወረቀት ምስጢር ነበር፤ ፈተናው ሲያልቅ ይሰበሰባል፣ ይቆለፍበታል። ያኔ ልምምድ ማለት የሰው ትዝታ ነው። ስታንሊ ካፕላን የሚባል ሰው በ1938 ብሩክሊን ውስጥ በወላጆቹ ቤት ምድር ቤት ማስጠናት ጀመረ። ስም ያወጣው የመጀመሪያ ዲግሪ መግቢያ በሆነው በኤስኤቲ ነው። ዘዴውን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም፦ ከፈተና የወጣን ልጅ «ምን ወጣ?» ብሎ መጠየቅ። አምስት ኪሎ የተማረ ሁሉ፣ ያለፈ ዓመት ፈተና ከፎቶኮፒ ቤት የገዛ ሁሉ፣ ነገሩን ያውቀዋል። ጥያቄ የማይቀይር አስተማሪ ካለ ያ ወረቀት ትንቢት ነው። ከቀየረ ደግሞ መጠቅለያ።

በ1979 ኒውዮርክ ሕግ አወጣች፤ ከ1980 ጀምሮ ፈታኝ ድርጅቶች የተጠቀሙባቸውን ጥያቄዎችና መልሶች ለተፈታኙ እንዲያሳዩ አስገደደች። ድርጅቶቹ ተቃወሙ። መጀመሪያ ሳነበው «ለገንዘባቸው ነው» ብዬ ነበር። ግን ከተቃውሟቸው አንዱ እውነት አለው። የዘንድሮ 600 ካምና 600 ጋር እኩል መሆኑን ለማረጋገጥ ከአሮጌው ፈተና ጥቂት ጥያቄ ወደ አዲሱ ማሻገር ይኖርባቸዋል። ጥያቄው ከወጣ ድልድዩ ይሰበራል። ለተፈታኙ ግን ሕጉ ሲሳይ ነበር፤ እውነተኛ ፈተና፣ እውነተኛ የውጤት ሠንጠረዥ በእጁ ገባ። በ1996 ኢቲኤስ ራሱ 27 ያለፉ ፈተናዎችን በአንድ ጥራዝ አሳተመ። «ቢግ ቡክ» የሚባለው ይሄ ነው፤ እኔም ላፕቶፔ ላይ በፒዲኤፍ ነበረኝ።

የሚገርመው፣ መጽሐፉ ሲወጣ ወረቀቱ ራሱ እየሞተ ነበር። በ1992 ጂአርኢ ወደ ኮምፒውተር ገባ፤ በ1993 ደግሞ በተፈታኙ ልክ የሚለዋወጥ ሆነ። በትክክል ከመለስክ ቀጣዩ ይከብዳል፣ ከሳትክ ይቀላል። ጥያቄዎቹ የሚመጡት ከአንድ ክምችት ነው። ወረቀት ሳለ ሺዎች በአንድ ጠዋት ይፈተኑና ያበቃል፤ በኮምፒውተር ግን ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ከዚያው ክምችት ይቀዳል። እንደ ፕሮግራመር ሳየው ቀዳዳው ከሩቅ ይታያል።

ቀዳዳውን ያየው የካፕላን ድርጅት ነው። በ1994 መጨረሻ ሠራተኞቹን ተፈታኝ አስመስሎ ላከ። ሠራተኞቹ የቻሉትን ያህል ጥያቄ በቃላቸው ይዘው ወጡና ሲያስተያዩት ብዙው ይደጋገማል። ድርጅቱ ያጠራቀመውን ለኢቲኤስ አሳየ። ኢቲኤስ የኮምፒውተር ፈተናውን ቀነሰ፤ ካፕላንንም ከሰሰ። ካፕላን «ጉድለቱን ለማሳየት ነው» አለ። ልመነው? የሚነግደው በልምምድ የሆነ ድርጅት በጎ ፈቃደኛ ሲሆን እጠረጥራለሁ። ግን የተናገረው ልክ ነበር። በነሐሴ 2002 ኢቲኤስ በቻይና፣ በታይዋንና በደቡብ ኮርያ የኮምፒውተሩን አጠቃላይ ፈተና አቁሞ ወደ ወረቀት መለሰ፤ ተፈታኞች ያስታወሱትን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ እያሰባሰቡ ነበርና። «ምን ወጣ?» አድጎ ድረ ገጽ ሆነ።

በ2011 ፈተናው እንደገና ተሠራ። ከ200 እስከ 800 የነበረው ልኬት ከ130 እስከ 170 ሆነ፤ ተቃራኒ ቃል ፍለጋው ቀረ፤ መለዋወጡም በየጥያቄው መሆኑ ቀርቶ በየክፍሉ ሆነ። ቢግ ቡክም ጥያቄው እውነተኛ እንደሆነ፣ ውጤቱ ግን ወደ ምንም የማይመነዘር ገንዘብ ሆኖ ቀረ።

ለዚህ ነው የግል ድርጅቶች የልምምድ ውጤት የሚዋዥቀው። ከባድ ጥያቄ መጻፍ አይቸግራቸውም። «ከ40 ጥያቄ 31 ያገኘ ስንት ይባላል?» የሚለውን ግን የሚያውቀው ጥያቄውን አስቀድሞ በሺዎች ላይ የሞከረ ነው። ኢቲኤስ ሙከራውን ያደርግ የነበረው እኛው ላይ ነው፤ በእኔ ጊዜ ሁለት የሚቆጠር የሒሳብ ክፍል ነበር፣ ለእኔ ሦስት መጣልኝ። የማይቆጠረው የትኛው እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም። የግል ድርጅት ይገምታል። ሲገምትም ዝቅ አድርጎ ቢገምት የፈራ ሰው ኮርስ ይገዛል። ይሄ የኔ ጥርጣሬ ነው፤ እኔን አንዱ 155 ሰጥቶኝ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ኢቲኤስ በነፃ የሚሰጠው ፓወርፕሬፕ ግን ከዚያው ከዋናው ጨርቅ የተቀደደ ነው። የፈተናው የራሱ የመለኪያ ስህተት ሁለት ነጥብ ገደማ ነው። የኔ 162 እና 163 እንግዲህ አንድ ቁጥር ናቸው ማለት ይቻላል። ፈተናው በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ደስ የሚለውን እስኪናገር ደገምኩት።

ከሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱ አልተቀበሉኝም። በ163 ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ ማመልከቻ ብዙ ነገር አለው። ሦስተኛው ተቀብሎኝ የገንዘብ ድጋፍ ስላልሰጠኝ አልሄድኩም። ይህን ሁሉ ለእህቴ የነገርኳት ከዓመት በኋላ፣ ለፋሲካ መጥታ ቡና እየጠጣን ነው። ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ 162 ብትለኝስ ምን እንዳላደርግህ ነው?» አለችኝ።

ዘንድሮ የአክስታችን ልጅ እየተዘጋጀ ነው። ክፍያው 220 ዶላር ገብቷል፤ ፈተናውም ከ2023 ወዲህ አጥሮ ሁለት ሰዓት አይሞላም። የምትከፍለው አሁንም እሷ ናት። ባለፈው እሑድ ደውላ ስታዋራው አጠገቡ ነበርኩ። «165» አላት፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ለስንተኛ ጊዜ ወስደኸው ነው?» አለችው።