ስለ እንቅልፍና ስለ ጭንቀት የተደረገው ምርምር ታሪክ

እንቅልፍ የሰውን ዕድሜ ሲሶ ያህል የሚወስድ ሲሆን፥ የሳይንስ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ከቁም ነገር ሳይቈጥሩት ኖረዋል። የተኛ ሰው አንጎል እንደ ጠፋ ፋኖስ ሥራውን ያቆመ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ዛሬም ቢሆን ሌሊቱን ሳይተኛ በመሥራቱ የሚመካ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፥ ለፈተናም ሲል ዐይኑን ሳይከድን የሚያነጋ ተማሪ በየቦታው አለ፤ ይህንንም እንደ ትጋት ቈጥሮ የሚያመሰግነው ብዙ ነው። ይህ አሳብ በሊቃውንቱ ዘንድ እንዴት እንደ ተለወጠ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ለመግለጽ አስበናል። ዘመኖቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቪየና ከተማ ምክንያቱ ያልታወቀ የአንጎል በሽታ ተነሣ። ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ እህል እየበሉ ሳሉ እንኳ እንቅልፍ ይጥላቸው ነበር፤ አንዳንዶቹ ግን በተቃራኒው ጨርሶ መተኛት አቃታቸው። ዶክተር ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ በ1917 በሽታውን ገልጠው ከጻፉ በኋላ፥ የሞቱትን ሰዎች አንጎል በመመርመር አንድ ትልቅ ነገር አስተዋሉ። ይኸውም እንቅልፍ የበዛባቸው ሰዎች ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል የኋላ ወገን፥ እንቅልፍ ያጡት ደግሞ በፊተኛው ወገን ተጐድተው መገኘታቸው ነው። ከዚህም የተነሣ እንቅልፍ ከድካም የሚመጣ መዛል ብቻ ሳይሆን፥ አንጎል ራሱ የሚያዝዘው ሥራ መሆኑን ተረዱ።

ቀጥሎም በጀርመን አገር በየና ከተማ ዶክተር ሐንስ በርገር በ1924 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገቡ። ውጤቱን እስከ 1929 ድረስ አላሳተሙትም፤ ባሳተሙትም ጊዜ የሞያ ባልደረቦቻቸው በጥርጣሬ ተመለከቱት። የካምብሪጅ ሊቃውንት በ1934 ሙከራውን ደግመው እውነት መሆኑን እስኪመሰክሩላቸው ድረስ ብዙ ሰሚ አላገኙም ነበር።

እንቅልፍን የዕድሜ ልክ ሞያቸው ያደረጉት ግን የቺካጎው ፕሮፌሰር ናትናኤል ክላይትማን ናቸው። እኒህ ሰው በ1938 ከአንድ ረዳታቸው ጋር በኬንታኪ ግዛት ወደሚገኘው ማሞት ዋሻ ገብተው፥ የፀሐይ ብርሃን ሳያዩ 32 ቀን ተቀመጡ። አሳባቸው ቀኑን በ24 ሰዓት ፈንታ 28 ሰዓት አድርገው ቢኖሩ ሰውነት ይለምደው እንደ ሆነ ለማወቅ ነበር። የወጣቱ ረዳት ሰውነት አዲሱን ቀን ለመደው፤ የፕሮፌሰሩ ግን በአሮጌው ሰዓት ጸንቶ አልለመደም። በሁለት ሰው ብቻ የተደረገ ፈተና ብዙ አያስረዳም ቢባልም፥ ለእውቀት ሲሉ በገዛ ሰውነታቸው ላይ የፈረዱትን ሰዎች ሳናደንቅ ማለፍ አልቻልንም።

ከዋሻው ይልቅ ዓለምን ያስገረመው በ1953 የታተመው ግኝት ነው። የፕሮፌሰሩ ተማሪ ዩጂን አሰሪንስኪ ያረጀ የመመዝገቢያ መሣሪያ አስጠግኖ በስምንት ዓመት ልጁ ላይ ሲሞክር፥ ልጁ ተኝቶ ሳለ ዐይኖቹ ከቆቡ ሥር ወዲያና ወዲህ ሲፈጥኑ በወረቀቱ ላይ አየ። በመጀመሪያ መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ነበር። በኋላ ሌሎች ሰዎችን በዚያች ሰዓት እየቀሰቀሱ ሲጠይቋቸው አብዛኞቹ ሕልም ያዩ እንደ ነበር ተናገሩ። ጠፍቷል የተባለው ፋኖስ ሲበራ ተገኘ ማለት ነው።

በዚሁ ዘመን የጭንቀት ምርምር በሌላ መንገድ ለብቻው ይሄድ ነበር። በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ዶክተር ሐንስ ሴልዬ አይጦችን በብርድ፥ ከልክ በላይ በሆነ ሥራና በመድኃኒት እያስጨነቁ ሲመረምሩ፥ ምክንያቱ ልዩ ልዩ ሆኖ የሰውነት መልስ ግን አንድ ዓይነት መሆኑን በ1936 ገለጡ፤ በኩላሊት ራስ ላይ ያሉት ዕጢዎች ያብጣሉ፥ ጨጓራም ይቈስላል። (ሊቁ በኋለኛው ዘመናቸው ከትምባሆ ኩባንያዎች ገንዘብ መቀበላቸው ስማቸውን ቢያጐድፈውም፥ የአይጦቹን ምስክርነት አያፈርሰውም።) በ1968 ደግሞ በኒው ዮርክ ዶክተር ብሩስ ማክዊን ከነዚህ ዕጢዎች የሚፈልቀው ሆርሞን ትዝታን በሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ገብቶ እንደሚያዝ በአይጦች ላይ አሳዩ። ጭንቀት ከጨጓራ አልፎ ወደ አእምሮ የሚደርስበት በር በዚህ ታወቀ።

ሁለቱ መንገዶች ከተገናኙባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ቺካጎ ነው። በ1999 በታተመው ጥናት 11 ጤነኛ ጐልማሶች ስድስት ሌሊት በአልጋ ላይ አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲቈዩ ተደረገ። ማታ ሊቀንስ የሚገባው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ሰውነታቸውም ስኳርን እንደ ወትሮው ማስተናገድ ተሳነው። ጭንቀት እንቅልፍ እንደሚነሣ ማንም ያውቅ ነበር፤ እንቅልፍ ማጣትም በበኩሉ ጭንቀትን እንደሚወልድ ግን በደም ምርመራ ተረጋገጠ።

ለኛ ለጽሕፈት ሠራተኞች ከሁሉ የከበደው የ2003 ጥናት ነው። በፊላዴልፊያ በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ብቻ የተኙ ሰዎች፥ በ14 ቀን ውስጥ ማስተዋላቸው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ጨርሶ እንዳልተኛ ሰው ሆነ። እነሱ ግን ሲጠየቁ ጥቂት ድካም ብቻ እንደሚሰማቸው ይናገሩ ነበር። እንግዲህ «እኔ ለምጄዋለሁ» የሚለው ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት የሚታመን አይደለም፤ ጉዳቱን የሚመዝንበት አእምሮ ራሱ ተጐድቷልና።

እንቅልፍ ለአንጎል ምን እንደሚያደርግለት ግን ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። በ2013 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች፥ አይጦች ሲተኙ በአንጎላቸው ሕዋሳት መካከል ያለው ክፍተት 60 በመቶ ያህል እንደሚሰፋ፥ በዚያም የሚፈሰው ውሃ ቆሻሻን እንደሚያጥብ ጻፉ። በ2024 የለንደን መርማሪዎች በሌላ ዘዴ ቢለኩት እጥበቱ በእንቅልፍ ጊዜ ቀንሶ አገኙት። ሁለቱም የለኩት በአይጥ ነው፤ የለኩበትም መንገድ የተለያየ ስለ ሆነ፥ አንዱ የሌላውን ውጤት ገና አልተቀበለለትም።