የጨረቃ ድንጋይ ዕድሜው ስንት ነው?

 

እስቲ ዛሬ ስለ ድንጋይ እንነጋገር። «ድንጋይ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! ድንጋይም ይነበባል። ፊደሉ ግን የራሱ ነው።

ጨረቃ ስትሞላ ቀና ብላችሁ እዩአት። ነጣ ያለ ቦታ አላት። ጠቆር ያለ ቦታም አላት። ሰው ይህን ሲያይ ብዙ ዘመን ኖሯል። «ጨረቃ ከምን ተሠራች? ዕድሜዋስ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅም ኖሯል። በእጁ ይዞ የሚመረምረው ነገር ግን አልነበረውም።

ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. አፖሎ 11 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ሰዎችን ይዛ ጨረቃ ላይ አረፈች። በአገራችን ሰዓት ሐምሌ 14 ሊነጋጋ ሲል ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን ረገጠ። በዝ ኦልድሪን ተከተለው። ሁለቱ 22 ኪሎ ገደማ ድንጋይና አፈር ሰብስበው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ አምስት ጉዞዎች ተሳኩ። በስድስቱ ጉዞ 12 ሰዎች ጨረቃን ረገጡ፤ 382 ኪሎ ድንጋይና አፈርም አመጡ። ሶቪየት ኅብረትም በመስከረም 1963 ዓ.ም. ሰው ባልተሳፈረባት ሉና 16 በተባለች መንኮራኩር 101 ግራም አፈር አስመጣች።

ታዲያ የድንጋይ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

ሻማ ስታበሩ የነደደውንና የቀረውን አይታችሁ ስንት ሰዓት እንደበራ ትገምታላችሁ፣ አይደል? የድንጋዩም ነገር እንዲሁ ነው። በድንጋይ ውስጥ ዩራኒየም የሚባል ነገር በጥቂቱ ይገኛል። ዩራኒየም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል። እርሳስ ስንል አሁን የምትጽፉበትን ማለታችን አይደለም፤ ጥይት የሚሠራበትን ከባድ ማዕድን ነው። አንድ መቶ ቅንጣት ዩራኒየም ቢኖር ሃምሳው እስኪለወጥ ድረስ 4 ቢሊዮን ተኩል ዓመት ያህል ይፈጃል። ሊቃውንት የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ለክተው የድንጋዩን ዕድሜ ያወጣሉ።

ቢሊዮን ምን ያህል ነው? አንድ ሺህ ሚሊዮን ነው። በየሴኮንዱ አንድ ቁጥር ብትቆጥሩ፣ ሌት ተቀን ሳታቋርጡ፣ ቢሊዮን ለመድረስ ከ31 ዓመት በላይ ይፈጅባችኋል።

አፖሎ 11 ያመጣቸው ጥቋቁር ድንጋዮች ዕድሜ ከ3 ቢሊዮን 600 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖ ተገኘ። ከጨረቃ ሆድ ቀልጠው የፈሰሱና በኋላ የረጉ ናቸው። ጠቆር ብሎ የሚታያችሁ ቦታ ይኸው ነው።

ሐምሌ 25 ቀን 1963 ዓ.ም. ደግሞ ዴቪድ ስኮትና ጄምስ ኧርዊን ነጭ ድንጋይ አገኙ። ሩብ ኪሎ ቢሆን ነው። ዕድሜው ግን ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው። «የዘፍጥረት ድንጋይ» ተባለ። ይህ ድንጋይ ሊቃውንትን አንድ ነገር አስተማራቸው። ጨረቃ ገና በልጅነቷ ላይዋ ቀልጦ ነበር። ወተት ሲፈላ ስልባቦቱ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ቀለል ያለው ነጩ ማዕድን ተንሳፎ ላይዋን ሸፈነው።

«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ብትሉ፣ ጥያቄው ደግ ነው። በምድራችን ላይ ዝናብ ድንጋይን ይሸረሽራል፤ ነፋስ ይፍቀዋል፤ የምድር ሆድም መልሶ ያቀልጠዋል። ስለዚህ የምድር የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ አብዛኛው ተደምስሷል። መጽሐፉ አለ፤ የፊተኞቹ ገጾች ግን ተቀደዋል። በጨረቃ ላይ ዝናብ የለም፤ ነፋስም የለም። ከእኛ የጠፉት ገጾች ምን ይሉ እንደነበር ለመረዳት የጨረቃን ድንጋይ እናነባለን።

ንባቡም ገና አላለቀም። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. የቻይና መንኮራኩር 1 ኪሎ ከ731 ግራም አመጣች። የድንጋዩ ዕድሜ 2 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው። የጨረቃ እሳት ቢያንስ እስከዚያ ድረስ አልጠፋም ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ጨምረን እንሰናበት። በ1965 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ተጓዦች አፈር የሞላበት ቱቦ አሽገው አመጡ። ሊቃውንቱ ወዲያው አልከፈቱትም። «ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ያላቸው ይመጣሉ» ብለው አስቀመጡት። የተከፈተው በ2014 ዓ.ም. ነው። 49 ዓመት ጠበቀ! ሳይነበብ የቆየ ነገር አልጠፋም፤ አንባቢውን ይጠብቃል።

እናንተም ነገ ከደጃችሁ አንድ ድንጋይ አንሡ። ቀለሙን፣ ክብደቱን፣ በላዩ የሚታየውን በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።

በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ፣ ደህና ሁኑ።