ኪውሪዮሲቲ በማርስ፦ የአንዲት ሮቨር የዕለት ውሎ

ኪውሪዮሲቲ የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ ማርስን እንድታስስ የላካት ባለ ስድስት ጎማ ሮቨር ናት። ክብደቷ 899 ኪሎ ግራም ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 ከፍሎሪዳ ተወንጭፋ በኦገስት 2012 ጌል በተባለው፣ 154 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጎድጓዳ ስፍራ አረፈች። ስሟን ያወጣችው በካንሳስ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረች ልጅ ናት። የተላከችው ማርስ በጥንት ዘመኗ ለረቂቅ ሕዋሳት የሚመች አካባቢ ኖሯት እንደሆነ ለማጣራት ሲሆን፣ በ2013 የሰረሰረችው የመጀመሪያው ዓለት የጥንት ሐይቅ ደለል ሆኖ በመገኘቱ ለጥያቄው ገና በማለዳው «አዎ» የሚል መልስ ሰጥታለች።

የሥራ ቀን

የማርስ ቀን፣ በሙያተኞቹ አጠራር «ሶል»፣ 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ 90 ሶሎች በካሊፎርኒያ፣ ፓሳዲና ያለው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ቡድን በማርስ ሰዓት ይኖር ነበር። የሥራ መግቢያው በየቀኑ 40 ደቂቃ ያህል ወደፊት ስለሚገፋ፣ ጠዋት የጀመረ ሰው ከሳምንታት በኋላ ራሱን በእኩለ ሌሊት ቢሮ ውስጥ ያገኘዋል። ኋላ ላይ ቡድኑ ወደ ተለመደው የሥራ ሰዓት ተመልሷል።

የሬዲዮ መልእክት ማርስ ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚህ ምክንያት ሮቨሯን ከምድር ሆኖ በቀጥታ መንዳት የማይታሰብ ነው፤ የቀኑ ሥራ በሙሉ አስቀድሞ ተጽፎ በአንድ ጊዜ ይላካል። ጠዋት ትእዛዙን ትቀበላለች፣ በረዶ የሆኑ ሞተሮቿን ታሞቃለች፣ ትሠራለች፤ አመሻሽ ላይ በላይዋ ለሚያልፉ ሳተላይቶች ያየችውን አቀብላ ትተኛለች። ፓሳዲና ላይ ደግሞ የዓለት ተመራማሪዎቹና የአየር ተመራማሪዎቹ ባለችው ጥቂት ኃይልና ሰዓት ላይ ይከራከራሉ። የኃይል ምንጯ ፕሉቶኒየም መጀመሪያ 110 ዋት ገደማ ይሰጥ ነበር፤ ይህም በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። በ2025 መሐንዲሶቹ እየተጓዘች መረጃ እንድታስተላልፍ፣ ማለትም ሁለት ሥራ አጣምራ እንድትሠራ በማድረግ ኃይል መቆጠብ ጀምረዋል።

ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክንዷን መዘርጋት ነው። ሾፌሮቹ ከጉዞ በኋላ የመጡትን ፎቶዎች ይዘው ስድስቱን ጎማዎች አንድ በአንድ ይመረምራሉ። አንዱ ጎማ እንኳ በትንሽ ድንጋይ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ክንዱ አይዘረጋም፤ ሮቨሯ በመሃል ብትንሸራተት ዓለት ላይ ያረፈው መሣሪያ ሊሰበር ይችላልና። የዚያን ቀን ሳይንቲስቶቹ የጓጉለት ዓለት በሩቅ በካሜራና በሌዘር ተመርምሮ ይታለፋል።

መሰርሰሪያው

በዲሴምበር 2016 መሰርሰሪያውን ወደፊት የሚገፋው ሞተር ተበላሸ። መሐንዲሶቹ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሙከራ በኋላ ክንዱ ራሱ እንዲገፋው አድርገው በሜይ 2018 ዳግም ዓለት በሱ።

ጎማዎቹ

ስስ አልሙኒየም ናቸው። በ2013 ሹል ድንጋዮች ሲቀዷቸው ታይቷል፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ የሚመረጠው ለጎማ እየታሰበ ነው። በሜይ 2024 ግን ጎማው የሰበረው ድንጋይ ውስጡ ንጹሕ የድኝ ክሪስታል ሆኖ ተገኘ። ምድር ላይ እንዲህ ያለ ድኝ በአብዛኛው እንደ ዳሎል ባሉ የእሳተ ገሞራና የፍል ውኃ አካባቢዎች ይገኛል፤ ሮቨሯ በቆመችበት ሸለቆ ግን የእነዚህ ምልክት አልታየም።

የሚቴን ክርክር

ከሮቨሯ ሥራዎች እንደ ሚቴን ልኬት ያከራከረ የለም። ምድር ላይ አብዛኛው ሚቴን ከሕያዋን የሚመነጭ በመሆኑ ወሬው በቶሎ ይዛመታል። ሮቨሯ በጌል አየር ውስጥ በአማካይ ከአንድ ቢሊዮን ሞለኪውል ግማሽ የማይሞላ ሚቴን ለክታለች። በ2018 የወጣ ጥናት መጠኑ ከወቅት ጋር ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳየ። በጁን 2019 ደግሞ ድንገት ከአንድ ቢሊዮን ወደ 21 ሞለኪውል አሻቀበ፤ በቀናት ውስጥም ተመልሶ ወረደ።

ከ2018 ጀምሮ ከላይ የሚለካው የአውሮፓና የሩሲያ ሳተላይት በበኩሉ ምንም ሚቴን አላገኘም። ሁለቱን ለማስታረቅ የቀረበው አንደኛው ሐሳብ የሰዓት ልዩነት ነው፦ ሮቨሯ በአብዛኛው የምትለካው አየሩ ረግቶ ጋዙ መሬት ለመሬት በሚጠራቀምበት ሌሊት ሲሆን፣ ሳተላይቱ የፀሐይ ብርሃን ያስፈልገዋል። ሮቨሯ ቀን ላይ ስትለካም ከዜሮ የማይለይ ውጤት መገኘቱ ይህን ያጠናክራል። ይሁን እንጂ ሚቴን በማርስ አየር ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሊቆይ ይገባዋል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሌሊት የሚወጣው ቀን ቀን ተበትኖ በዘመናት ብዛት መከማቸት ነበረበት። ሌሎች ጥርጣሬያቸውን ወደ ሮቨሯ ራሷ ያዞራሉ፤ የመለኪያው አንድ ክፍል ከምድር የመጣ ሚቴን ይዞ ስለነበር ከዚያ ሾልኮ ሊሆን ይችላል ይላሉ። በ2024 የቀረበ ሌላ ግምት ደግሞ ጋዙ በጨው ቅርፊት ሥር ታፍኖ እንደሚቆይና የሮቨሯ ክብደት ቅርፊቱን ሰንጥቆት ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። ሌላ መሣሪያ እዚያው መሬት ላይ ቆሞ እስኪለካ ድረስ አንዱን መልስ አጽድቆ ሌላውን መጣል የቸኮለ ፍርድ ይሆናል።

የተልእኮው ዕድሜ

መጀመሪያ የታቀደው ለአንድ የማርስ ዓመት፣ ማለትም ለ687 የምድር ቀናት ነበር። ሮቨሯ በ2025ም ሻርፕ የተባለውን ተራራ እየወጣች ነበር። ካሜራዎቿ የሚያነሷቸውን ጥሬ ፎቶዎች ናሳ በድረ ገጹ ያለ ክፍያ ስለሚለቅ ማንኛውም አንባቢ ገብቶ ሊያያቸው ይችላል።